ጫጩት ለምን ያልቃል?



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጫጩት አስተዳደግ ነው። ዶሮ 21 ቀን ታቅፋ ትፈለፍላለች። ደጃፉ በጫጩት ይሞላል። እኛ ተማሪዎች በየቤቱ ስንዞር እንዳየነው ግን ወር ሳይሞላ አብዛኞቹ ያልቃሉ። ምክንያቱን ስንጠይቅ “ዕድላቸው ነው” እንባላለን። ነገሩ የዕድል አይደለም። ጭልፊቱንና ሸለምጥማጡን ታውቋቸዋላችሁ። ከነሱ ሌላ ጫጩት የሚፈጁት ብርድ፣ ረሃብና በሽታ ናቸው። ሦስቱንም በእጃችን ልንከላከላቸው እንችላለን።

አንደኛው ብርድ ነው። ጫጩት ላባ እስኪያወጣ ድረስ የገላውን ሙቀት መጠበቅ አይችልም። የአዳማ ነፋስ ደግሞ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሳጥን ወይም ካርቶን እናዘጋጅ። ታቹንና ዙሪያውን ደረቅ የጤፍ ጭድ ጠቅጥቀን መካከሉን ጎድጎድ እናድርገው። አየር እንዲገባ ጎኑን እንብሳው። ማታ ጫጩቶቹን አስገብተን በስስ ጨርቅ እንሸፍን። ጭዱ የገላቸውን ሙቀት ይዞ ያቆይላቸዋል። ሲረጥብ መለወጥ ነው። ሁለት ዶሮ ባንድ ጊዜ ብናስታቅፍ ጫጩቶቹ በርከት ብለው ይበልጥ ይሟሟቃሉ። ተደራርበው ከጮሁ በርዷቸዋል። አፋቸውን ከፍተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል። ተበታትነው ጸጥ ካሉ ተመችቷቸዋል። እናቲቱም ጫጩት ከመጠበቅ ስለምታርፍ ቶሎ እንቁላል መጣል ትጀምራለች።

ሁለተኛው ረሃብ ነው። የበቆሎ ክርትፍ ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ ሥጋና ላባ አይሆንም። የኑግ ፋጉሎ ወይም ምስጥ እንጨምርበት። በመቂና በዝዋይ በኩል ያላችሁ የዓሣ ትርፍራፊ ቀቅላችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ፈጭታችሁ ቀላቅሉ። የሻገተ እህል ግን መርዝ ነው። መልቀም ላልለመደ ጫጩት እህሉን ወረቀት ላይ በትነን በጣታችን ጫፍ ጠቅ ጠቅ እናድርግ፤ የእናቱ አፍ እየመሰለው ይለቅማል። ውሃው በዝርግ ሳህን ይሁን፤ እንዳይሰምጡ ጠጠር እንጨምርበት።

ሦስተኛው ፈንግል ነው። አንዴ ከያዘ መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው። ክትባቱ እዚሁ ቅርባችን ቢሾፍቱ ይመረታል። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚበቃ ጎረቤት ተሰብስቦ ባንድ ቀን ያስከትብ። ከገበያ የተገዛች ዶሮም ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ።

እስቲ እናስላው፦ ከ12 ጫጩት 3 ብቻ ይተርፍለት የነበረ ቤት 8 ቢያሳድግ፣ የልጆቹን የደብተርና የቤቱን የጨው ገንዘብ ከደጁ አገኘ ማለት ነው። ያነበባችሁ ላላነበበው አንብቡለት።