ከሰል ከእንጨት እንዴት ይወጣል? በቤት ውስጥስ ለምን ያሰጋል?

(ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የማነሣው ሁላችንም የምናውቀውን ነገር ነው፤ ከሰልን። በጎንደር አባቶቻችን ማረሻና ማጭድ ሲሠሩ ወናፉ የሚነፋው በከሰል ፍም ላይ ነበር። ቡናችንንም ያፈላንበት በእርሱ ነው። ሆኖም አሠራሩን ካላስተዋልን አደጋውን አንረዳም።

ከሰል አክሳዩ እንደ ግራር ያለውን ጠንካራ እንጨት ቆርጦ ጥቂት ያደርቀዋል። ከዚያም አጠጋግቶ ይከምረውና በሣርና በቅጠል ሸፍኖ አፈር ያለብሰዋል። እሳት ከለኮሰ በኋላ ትንንሽ መተንፈሻ ቀዳዳዎች ብቻ ይተዋል። የሥራው ምሥጢር እዚህ ላይ ነው፤ እንጨቱ እንዲግል እንጂ እንዲነድ አይፈለግም። አየር እንደ ልቡ ከገባ ሁሉም አመድ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ አክሳዩ ቀንና ሌሊት ይጠብቃል፤ አፈሩ ሲሰነጠቅ ወዲያው ይደፍናል።

በመጀመሪያ የሚወጣው ጭስ ነጭና ወፍራም ነው፤ አብዛኛው የእንጨቱ ውሃ ነው። ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ሲጠጋ እንጨቱ ራሱ መለወጥ ይጀምራል፤ ቅጥራኑና ጋዙ ይወጣል። ጭሱ ሳስቶ ወደ ሰማያዊ ሲያደላ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፤ ክምሩም እስኪቀዘቅዝ ድረስ ይቆያል። ሳይቀዘቅዝ ከተከፈተ እንደገና ይቀጣጠላል። በዚህ መንገድ 1 ኪሎ ከሰል ለማግኘት ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ያስፈልጋል።

እንግዲህ ጭሱ እዚያው ክምሩ ላይ ስለወጣ ከሰል ሲነድ ብዙ አይጨስም። ሰው የሚሳሳተውም በዚህ ነው። ጭስ የለውም ማለት መርዝ የለውም ማለት አይደለም። የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። አይታይም፣ አይሸትም፣ አያስልም። በደማችን ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ያሳምማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፤ ቀጥሎ ያደክማል። ተኝቶ የነበረ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። በሕፃናትና በነፍሰ ጡሮች ላይ ደግሞ ይብሳል።

በሀገር ቤት ጎጆው በሣር ክዳኑና በግድግዳው ክፍተት ይተነፍስ ነበር። እዚህ ያለው ፎቅ ቤት ግን በክረምት ብርድ መስኮቱ ግጥም ብሎ ይዘጋል። ማማድ የሚባለው መጠለያ ክፍልማ አየር እንዳያስገባ ታስቦ የተሠራ ነው።

ስለዚህ አደራ እላችኋለሁ፦

1. ለቡናም ሆነ ለማሞቂያ ከሰል በቤት ውስጥ አታቀጣጥሉ። መስኮት መክፈት ብቻውን አይበቃም።

2. ደጅ የነደደውን ፍም «አልቋል» ብላችሁ ወደ ቤት አታስገቡ። አመድ የለበሰ ፍምም ጋዙን ያወጣል።

3. ቡናውን በቤት ውስጥ በኤሌክትሪክ ወይም በጋዝ ምድጃ አፍሉ። የከሰሉ ካማራችሁ ደጅ፣ ከበርና ከመስኮት ርቃችሁ ይሁን።

4. ከሰል ባለበት ቤት ራሱን ያመመው ወይም ያዞረው ሰው ካለ፣ ሁላችሁም ወዲያው ወደ ውጭ ውጡ፤ ለማጌን ዴቪድ አዶም በ101 ደውሉ።

ቡናው አይቅር፤ ጎረቤትም ይጠራ። ይህን ግን ዛሬ እዚህ ላልመጡት ሁሉ፣ በተለይም ብርድ ለሚጠናባቸው አረጋውያን ንገሩልን።