ጥንብ አንሳን ለመቍጠር የወላጅ ፈቃድ
(በትምህርት ቤቱ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ በትምህርት ቤታችን በዓል ላይ ስለ ጥንብ አንሳ ለመናገር መነሣታችን አንዳንዱን ሳያስቀው አይቀርም። ነገር ግን ጉዳዩ ፈቃዳችሁን የሚሻ ስለ ሆነ በትዕግሥት እንድታዳምጡን እንለምናለን። እኛ ያለ ደመወዝ፣ በገዛ ፈቃዳችን፣ አሞራ ለመቍጠር እንፈልጋለን። እናንተ ደግሞ «ለአሞራ ተብሎ ልጅ ወደ ቄራና ወደ ገደል ይላካልን?» ትሉናላችሁ። ጥያቄው የሚገባ ነው፤ መልሱም እነሆ።

በህንድ አገር ጀርባው ነጭ የሆነው ጥንብ አንሳ ከብዛቱ የተነሣ ይጠፋል ብሎ የሚያስብ አልነበረም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) በመንገድ ዳር ተቈጠረ፤ በዚያው መንገድ እንደ ገና የተቈጠረው ግን በ2000 ነበርና ያን ጊዜ አብዛኛው ዐልቆ ተገኘ። ከ1992 እስከ 2007 ባለው ጊዜ ከሺው አንዱ ያህል ብቻ ቀረ። ገዳዩ ለታመመ ከብት የሚሰጥ ዲክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት መሆኑ በ2004 ተገለጠ፤ በ2006ም ለከብት እንዳይሰጥ ተከለከለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። የእኛም አህጉር ከዚህ አልዳነችም። በ2015 አራት የአፍሪካ ጥንብ አንሳ ዓይነቶች እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት መካከል ተመዘገቡ፤ አራቱም በአገራችን ይኖራሉ።

አሁን ወደ አደጋው እንመለስ። በ2019 በቦትስዋና 537 ጥንብ አንሶች ከተመረዘ የዝሆን በድን በልተው ሞቱ። አሞራን የገደለ መርዝ የነካውን ሰውም ሊጐዳ ይችላል። ስለዚህ የሞተ አሞራ ወይም በድን ስናይ ቦታውን ጽፈን ለመምህራችን እንነግራለን እንጂ በእጃችን አንነካም፤ በኤሌክትሪክ ምሰሶ ሥር የወደቀም ቢሆን አንቀርበውም። ወደ ጎጆው ለመድረስ ገደል አንወጣም። ብዙዎቹ በዓመት የሚጥሉት አንድ እንቍላል ብቻ ነውና፣ እናቲቱን ማስበርገግ ለእኛም ለጫጩቱም ጥፋት ነው። ብቻችንን አንሄድም፤ ከሠፈሩ ሽማግሌዎችና ከቄራው ኃላፊዎች ሳናስፈቅድ መነጽር አናነሣም፤ በቄራ አካባቢ ከሚዞሩ ውሾች እንርቃለን፤ ፀሐይ ሳትጠልቅም ቤታችን እንገባለን።

ምናልባት አንዳንድ ጓደኛችን «ይህን ያህል የሚፈራ ሰው ምን ሊቈጥር ነው?» ይል ይሆናል። እኛ ግን ጥንቃቄና ትክክለኛ ቍጥር አንድ መንገድ ናቸው እንላለን። የዘንድሮው ቍጥር ዋጋ የሚኖረው ከሚመጣው ዓመት ቍጥር ጋር ሲመዛዘን ነው፤ ለመመዛዘን ደግሞ ከዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት መቈጠር አለበት። ጀግና ነኝ ባይ አንድ ቀን ከገደል አፋፍ ላይ ቆሞ የቈጠረውን፣ በሚመጣው ዓመት ማን እዚያ ቆሞ ይቈጥረዋል? ማንም ተማሪ በየዓመቱ ያለ ሥጋት ሊቆምበት የሚችል ሜዳ ግን የሚታመን ቍጥር ይሰጣል። ስለዚህ አሞሮቹ አየሩ ሞቆ ወደ ሰማይ ከመውጣታቸው በፊት፣ በማለዳ፣ ሁለት ሁለት ሆነን ለየብቻ እንቈጥራለን፤ ከዚያም እናስተያያለን። ዓይነቱን ያልለየነውን «አልታወቀም» ብለን እንጽፋለን፤ ምንም ካላየንም ዜሮ እንጽፋለን፤ ዜሮም ምስክር ነውና።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ እኛ በቅርቡ ከዚህ ትምህርት ቤት እንሰናበታለን፤ ቈጠራው ግን ከእኛ ጋር መሄድ የለበትም። ታናናሾቻችን በዚያው ሜዳ ላይ ቆመው መዝገቡን እንዲቀጥሉ፣ ዛሬ በፈቃድ ወረቀቱ ላይ ስማችሁን እንድትጽፉልን በትሕትና እንለምናችኋለን።