የሚያሠቃይ ሽፍታ በትዳር አጋር ገላ ላይ ሲወጣ

በዓለም ከተማ ለቤተሰብ ተጠሪዎችና ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የተሰጠ ትምህርታዊ ንግግር



ሽፍታ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለን ጠመንጃ ይዞ ዱር የገባው ነበር። ዛሬ ግን ቃሉ ሲነሣ ሰው ቶሎ ብሎ የሚያየው የራሱን ክንድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ነሐሴ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. ኤምፖክስን ዓለም አቀፍ የኅብረተሰብ ጤና ድንገተኛ ሥጋት ብሎ ዐወጀ። በሀገራችንም በግንቦት ወር 2017 ዓ.ም. በሞያሌ በአንድ ጨቅላ ሕፃን ላይ በሽታው መገኘቱ ተገለጸ። ዓለም አቀፉ ዐዋጅ በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቢነሣም በሽታው ከምድር አልጠፋም። ፈንጣጣን ያዩ አረጋውያን ደግሞ ከማንም በላይ ይሠጋሉ፤ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ በኢትዮጵያ የተገኘው በ1968 ዓ.ም. ነውና ትዝታው ገና አልራቀም።

ይሁን እንጂ በየቤቱ የሚነሣው ጥያቄ ስለ ዓለም አይደለም፤ በአንድ መኝታ ስለሚተኛው ሰው ነው። «ባለቤቴ ገላው ላይ የሚያቃጥል ነገር ወጣ፤ ምንድን ነው? ልንካው ወይስ ልራቀው? ምን ላድርግለት?» ዛሬ የምናገረው ለዚህ ጥያቄ ነው።

አንድ ምሳሌ እናንሣ። የ55 ዓመት አባወራ ነው እንበል፤ ጤፉን አጭዶ፣ ከምሮ ገብቷል። መጀመሪያ ቀኝ ጎኑን ከጀርባው ጀምሮ ያቃጥለዋል፤ ሸሚዙ ሲነካው እንኳ እንደ እሳት ይፋጀዋል። ሚስቱ ገልጣ ብታይ ቆዳው ላይ ምንም የለም። «ሸክም ይሆናል የወጋህ» ትለዋለች፤ እርሱም «ኩላሊት ይሆናል» ይላል፤ እንዲሁ ያድራሉ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን በዚያው ባመመው መስመር ላይ ቆዳው ይቀላል። በቀዩም ላይ ውኃ የቋጠሩ ትንንሽ እባጮች በዘለላ በዘለላ ይወጣሉ። ከአከርካሪው ተነሥተው ወደ እንብርቱ ይዞራሉ፤ የገላውን መካከል ግን አይሻገሩም። ጎረቤት መጥታ «ሸረሪት ሸንቶበት ነው» ትላለች።

ሸረሪት በሰው ላይ ሸንቶ ቆዳ አያቆስልም። በምሥራቅ አፍሪካ በዝናብ ወራት ብርሃን ተከትላ ቤት የምትገባ አንዲት ትንሽ ጥንዚዛ አለች፤ ቆዳ ላይ ስትደፈጠጥ ፈሳሿ እንደ ቃጠሎ ያቆስላል፤ ሸረሪት ያለ ጥፋቷ የምትከሰሰው ብዙ ጊዜ በዚህች ሳይሆን አይቀርም። የጥንዚዛዋ ቁስል ግን በአንድ ሌሊት ይወጣል እንጂ ቀናት የፈጀ የጎን ሥቃይ አይቀድመውም። የአባወራችን ሕመም ሕዝባችን አልማዝ ባለጭራ የሚለው፣ በሕክምና ሄርፒስ ዞስተር የሚባለው ነው። ይህን ስም ያወጣ ሰው አስተውሎ ያየ ነው፤ እንደ ዕንቁ የሚያብረቀርቁትን እባጮችም፣ የሚጎተተውንም ጭራ በአንድ ስም ይዟቸዋል።

መነሻው ከብዙ ዓመት በፊት ነው። በልጅነት ጉድፍ፣ ማለትም ቺክንፖክስ ያመጣው ቫይረስ ልጁ ሲድን ከገላው አይወጣም፤ በነርቭ ሥር ተደብቆ ይኖራል። ዕድሜ ሲገፋ ወይም የሰውነት መከላከያ ሲደክም ይነቃና በዚያች በአንዲት ነርቭ መንገድ ወደ ቆዳ ይወጣል። በአንድ ወገን ብቻ፣ በመስመር የሚወጣው ስለዚህ ነው። ሥቃዩ ከሽፍታው የሚቀድመውም ነርቩ ከቆዳው በፊት ስለሚታመም ነው። ጭራው ዞሮ ከራሱ ጋር ከገጠመ ሰው ይሞታል የሚል ፍርሃት በብዙ ሀገሮች ይነገራል፤ እውነት አይደለም። ሽፍታው በሁለቱም ወገን ወይም በመላ ገላ ከተሠራጨ ግን የሰውነት መከላከያ በእጅጉ መዳከሙን ያመለክታልና ሳይውል ሳያድር ሐኪም ሊያየው ይገባል።

እንግዲህ ባለቤት የሆነ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚይዘው ነገር ቀን ቆጠራ ነው። የመጀመሪያው እባጭ የታየበትን ቀን ያዙ። አሲክሎቪር የተባለው መድኃኒት ከዚያ ጀምሮ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው የበለጠ የሚረዳው፤ ሽፍታው ቶሎ ይደርቃል፣ አጣዳፊው ሥቃይም ያጥራል። ለአዋቂ የተለመደው አወሳሰድ 800 ሚሊ ግራም በቀን 5 ጊዜ ለ7 ቀን ነው። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ግን መጠኑ ሊቀነስለት ስለሚገባ ያለ ጤና ባለሙያ ትእዛዝ፣ ከጎረቤት በተረፈ ክኒን አይጀመርም። «ውቂያው ይለቅና እሄዳለሁ» የሚል አባወራ በሀገራችን ሞልቷል። ውቂያው ሲያልቅ ሦስቱ ቀን አብሮ ያልቃል። ሽፍታው ከጠፋ በኋላ ከሦስት ወር በላይ የሚዘልቅ የነርቭ ሕመም የሚተርፈው ይልቁንም ዕድሜያቸው በገፋ ሰዎች ላይ ነው፤ እንቅልፍ ይነሣል፣ ልብስ መልበስን ሳይቀር ያስጠላል። ለእርሱም እንደ አሚትሪፕቲሊን ያለ መድኃኒት አለና «ሽፍታው ድኗል፣ ምን ያማርረዋል?» ብላችሁ አትፍረዱበት።

ሦስት ቀን እንኳ የማይጠበቅበት ጊዜ አለ። ሽፍታው በግንባር፣ በዐይን ሽፋን ወይም በአፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ወደ ዐይን የሚሄደው ነርቭ ተነክቷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ብርሃንን ሊያሳጣ ይችላል። በጆሮ ላይ ወጥቶ የፊቱ አንድ ወገን ከዘመመም እንደዚሁ። በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ነው።

አሁን ወደሚከብደው ነገር ልግባ። ሽፍታው ወጣት በሆነ ሰው ላይ ሲወጣ ባለሙያው የኤች አይ ቪ ምርመራ እንዲደረግ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ በደረሰበት ቤት ትዳር ሲናጋ ይታያል። አልማዝ ባለጭራ በልጅነት ከገባ ቫይረስ ይመጣል፤ ከትዳር ውጭ በሚደረግ ግንኙነት አይያዝም፤ ስለ ማንም ታማኝነት የሚመሰክር ምስክርም አይደለም። ጤነኛ ሰውም ይይዘዋል። ምርመራው የሚጠየቀው መከላከያን የሚያደክም ነገር ካለ አስቀድሞ ለማወቅ ነው፤ ቢገኝም ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል። የእኔ ምክር ባልና ሚስት አብረው ሄደው አብረው እንዲመረመሩ ነው። አንዱ ሌላውን «አንተ ሂድ»፣ «አንቺ ሂጂ» ያለበት ቤት ከውጤቱ በፊት በጥርጣሬ ይታመማል።

ልንካው ወይስ ልራቀው ለሚለው፦ አልማዝ ባለጭራ እንደ ጉንፋን ከሰው ወደ ሰው አይዘልም። የእባጩ ውኃ ግን ጉድፍ ያልያዘውን ሰው ጉድፍ ሊያሲዘው ይችላል። ስለዚህ እስኪያከክ ድረስ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን፤ ሕፃናትና ጉድፍ ያልወጣላት ነፍሰ ጡር አይጠጉት። የሚያስታምመው ሰው ከነካው በኋላ እጁን በሳሙና ይታጠብ። በሽታው ይኸው መሆኑን ባለሙያ ካረጋገጠና ቁስሉ ከተሸፈነ አብሮ መብላትም ሆነ አጠገቡ መቀመጥ አያሠጋም።

በቤት ውስጥ የሚደረገው ቀላል ነው። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃና በሳሙና በቀስታ ማጠብ፣ ሳያሹ ማድረቅ፣ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ማሳረፍ፣ ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ ማልበስ፣ እባጩን አለማፍረጥ። ለሥቃዩ አዋቂ ሰው ፓራሲታሞል 1 ግራም በየስድስት ሰዓቱ ሊወስድ ይችላል፤ በቀን ከ4 ግራም አይለፍ፤ ጉበቱ የታመመ ወይም መጠጥ የሚያዘወትር ሰው አስቀድሞ ባለሙያ ይጠይቅ። ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ መለጠፍ ቆዳን እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ነጭ ጋዝ፣ አመድና የጋለ ብረትም በቁስል ላይ ቁስል ይጨምራሉ። ዳማከሴን አልነቅፍም፤ ሽታው የብዙዎቻችንን እናቶች ያስታውሰናል። በተላጠ ቆዳ ላይ ግን አይጨመቅ። ከገበያ በቱቦ የሚገዛ ቅባት ሁሉ መድኃኒት አይምሰላችሁ፤ ቤታሜታዞን ያለበት ቅባት መቅላቱን አጥፍቶ በሽታውን ሊያባብስ ይችላል። ጸበል የሚሄድ ሰው መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ኤምፖክስ ቢሆንስ? መልኩ ይለያል። ብዙ ጊዜ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የጡንቻ ሕመም ይቀድመዋል ወይም አብሮት ይመጣል፤ በአንገት፣ በብብት ወይም በብሽሽት ያሉ ዕጢዎች ያብጣሉ። ሽፍታው በአንድ ወገን መስመር ሳይወሰን በፊት፣ በመዳፍና በውስጥ እግር፣ በአፍ ውስጥ፣ በብልትና በፊንጢጣ አካባቢ ሊወጣ ይችላል፤ እርሱም ያማል። አንዳንድ ጊዜ በብልት ላይ በጥቂት እባጮች ብቻ ይጀምራልና «ጥቂት ነው» ተብሎ አይናቅ። በቅርብ ንክኪ፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በተበከለ አልባሳት ይተላለፋል፤ ከተነካኩ በኋላ እስከ 21 ቀን ድረስ ሊገለጥ ይችላል። ይህን የጠረጠረ ቤተሰብ መኝታ ይለይ፤ በሽተኛውም አስታማሚውም ጭምብል ያድርጉ፤ አልባሳቱ ሳይራገፍ በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠብ፤ ለጤና ኬላው ወይም በ8335 እና በ952 ነፃ መስመር ይነገር። እከኩ በሙሉ ረግፎ አዲስ ቆዳ እስኪተካ ድረስ ያስተላልፋል። መኝታ መለየት ማለት ግን ሰውን መጣል ማለት አይደለም፤ ምግቡንም ጨዋታውንም በር ላይ ሆኖ ማድረስ ይቻላል።

የማያም ሽፍታ ሌላ መንገድ አለው። ሌሊት የሚብስና ቤተሰቡን ሁሉ የሚያሳክክ ከሆነ እከክ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ፤ ከ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጋር በክልላችን ብዙ ወረዳዎች ያዳረሰው እርሱ ነበር፤ የሚታከመውም ቤተሰቡ በአንድ ጊዜ ነው። ሽኮኮ በሚበዛበት ገደል አካባቢ የሚኖር ሰው ፊቱ ላይ ወራት የቆየ፣ የማያም ቁስል ካለበት ቁንጭር ሊሆን ይችላል። ደብዝዞ ሲነኩት የማይሰማ ቆዳ ደግሞ ለሥጋ ደዌ ይመረመራል። እግር በድንገት ቀልቶ፣ ግሎ፣ አብጦ ከትኩሳት ጋር ካሠቃየ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የሚሻ ነውና አይደር።

በጀማ ሸለቆ ቁልቁለት ያላችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ እናት ሆስፒታል ለመድረስ ግማሽ ቀን ሊወስድባችሁ እንደሚችል እረዳለሁ። ስለዚህ በማለዳ ተነሡ። ሕመሙ የጀመረበትን ቀን፣ እባጩ የታየበትን ቀን፣ የተወሰደውን ክኒንና የተቀባውን ቅጠል ሁሉ በወረቀት ጽፋችሁ፣ መጻፍ ካልቻላችሁ ለልጃችሁ አስጽፋችሁ ያዙ። የጤና መድን ደብተሩንም አትርሱ። በሽተኛው ራሱ ሲጠየቅ «ትንሽ ነው ያመመኝ» ማለቱ አይቀርምና አብራችሁት ግቡ፤ ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ እናንተ ተናገሩለት።