«ፊታይ» የሚባል ነገር የለም



ዛሬ የሆዴን ልናገር። ሞርኒንግ ላይ ተማሪ ኬዝ ሲያቀርብ በእንግሊዝኛ «ፊተሲዝ» ካለ፣ «ፊታይ በል እንጂ!» ብሎ የሚያቋርጠው አይጠፋም። «ሳይናይ» የሚል አለ፤ «ቫይራይ» የሚልም አለ። ላቲን አወቅን ማለት ነው!

ላቲኑ ግን እንዲህ አይልም። ፊተስና ሳይነስ በላቲን ሲበዙ መጨረሻቸው ያው «ኡስ» ነው፤ ድምፁ ብቻ ይረዝማል። ቫይረስ ለጥንት ሮማውያን መርዝ ማለት ነበር፤ እንደ ውሃ አይቆጠርም። «ኦክቶፓይ» የሚባለው ኦክቶፐስማ ጭራሽ ከግሪክ የመጣ ነው። ፎራሚና ትክክል ነው፣ ይኑር። አማርኛችን እኮ «ቫይረሶች» ብሎ ተገላግሏል።

እኔን የሚያሳስበኝ ልጁ ነው። በሰው ፊት እንዲህ የተቋረጠ ተማሪ በማግስቱ ዝም ይላል። ዝም ማለት የለመደ ደግሞ የበሽተኛዋ ደም ግፊት ሲወርድ እያየ፣ ለመናገር ያመነታል። ያቺን ደቂቃ ማን ይመልሳታል?

እባካችሁ፣ ምርመራውን እንረም፤ የመድኃኒቱን መጠን እንረም። ለብዙ ቁጥሩ «ሲዝ» ይበቃል።