ከሜዳው ዳር የሚቆመው ባለሙያ፦ የአትሌቲክ ትሬነር የድኅረ ምረቃ ትምህርትና የክሊኒክ ዝግጅት



ወደ ርእሴ ከመግባቴ በፊት አንድ የቃል ችግር አለብኝ። «አትሌቲክ ትሬነር» የሚለውን የእንግሊዝኛ ስም ቃል በቃል ብንመልሰው «የአትሌት አሰልጣኝ» ይሆናል፤ ይህ ግን ፈጽሞ ሌላ ሰው ነው። አሰልጣኝ ማን እንደሚሰለፍና ምን ያህል እንደሚሮጥ ይወስናል። አትሌቲክ ትሬነር የጤና ባለሙያ ነው። ስሙ በተወለደበት አገር እንኳ ያስቸግራል፤ አሜሪካውያን ባልደረቦቼ በጂምናዚየም ክብደት ከሚያስነሣው ሰው ጋር መምታታታቸው ዘወትር ያናድዳቸዋል። በእኛ ዘንድ የሚቀርበው ቃል «ወጌሻ» ነው። የእግር ኳስ ጨዋታ በሬዲዮ ያዳመጠ ሁሉ «ወጌሻው ወደ ሜዳ ገብቷል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ያውቀዋል። ቃሉን እወደዋለሁ፤ ተጫዋቹ ሲወድቅ ፈጥኖ የሚደርስን ሰው በትክክል ይገልጻልና። ነገር ግን ወጌሻነት ከአባት ወይም ከልምድ የሚወረስ ሙያ ሲሆን፣ እኔ ዛሬ የምናገረው በዩኒቨርሲቲ ስለሚሰጥ ሥልጠና ነው። ስለዚህ የውጭውን ስም እንዳለ እጠቀምበታለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ የሙያ ፈተናው አምስት ዘርፎችን ይሸፍናል። ጉዳት እንዳይደርስ መከላከል፣ የደረሰውን መርምሮ ምንነቱን መለየት፣ ድንገተኛ አደጋን መቋቋም፣ ማከምና ወደ ቀድሞ አቅም መመለስ፣ በመጨረሻም አገልግሎቱን ማስተዳደር ናቸው። ይህ ሁሉ ከሐኪም ጋር በመተባበር ወይም በሐኪም መሪነት ይከናወናል። ከፊዚዮቴራፒስት በምን ይለያል የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። በሕክምናው ይዘት ብዙ ይገናኛሉ፤ ዋናው ልዩነት የቦታና የጊዜ ነው። ፊዚዮቴራፒስቱ በአመዛኙ ታካሚውን የሚያገኘው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ፣ በክሊኒክ ውስጥ ነው። አትሌቲክ ትሬነሩ ግን ጉዳቱ ሲደርስ እዚያው ቆሞ ያየዋል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 ዴማር ሃምሊን የተባለው የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች በሲንሲናቲ ስታዲየም ልቡ ቆሞ ሲወድቅ፣ በሜዳው ላይ ደረቱን መጫን የጀመረው የቡድኑ ረዳት አትሌቲክ ትሬነር ነበር። ለዚህ ዐይነቱ ቅጽበት ሰውን በምን ትምህርት እናዘጋጀዋለን? የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ታሪኩን ባጭሩ ላውሳ። የሙያው ብሔራዊ ማኅበር በ1950 በካንሳስ ሲቲ ተመሠረተ፤ የአሜሪካ ሕክምና ማኅበርም በ1990 ሙያውን ከጤና ሙያዎች እንደ አንዱ ተቀበለው። ለረጅም ዘመን ወደ ፈተናው የሚያደርሱ ሁለት መንገዶች ነበሩ። አንደኛው በታወቀ የትምህርት ፕሮግራም ማለፍ ሲሆን፣ ሁለተኛው ጥቂት ኮርሶችን ወስዶ በአንድ ባለሙያ ሥር 1500 ሰዓት መለማመድ ነበር። ሁለተኛው መንገድ በ2004 ተዘጋ። በ2015 ደግሞ የሙያው መሪ ድርጅቶች ወደ ሙያው መግቢያ የሚሆነው ዲግሪ ማስተርስ እንዲሆን ወሰኑ፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞችም ከ2022 የበልግ ወቅት መጀመሪያ በኋላ አዲስ ተማሪ እንዳይቀበሉ ተከለከሉ።

ይህ ውሳኔ አከራካሪ ነበር፤ ዛሬም ነው። ደጋፊዎቹ የሚሉት ይህ ነው፦ ተማሪው አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና ሥነ ልቡና አስቀድሞ ቢማር ሁለቱን የማስተርስ ዓመታት ለሙያው ብቻ ያውላቸዋል። ተቃዋሚዎቹ በበኩላቸው ስለ ገንዘብ ይናገራሉ። ተማሪው ለተጨማሪ ዓመታት ይከፍላል፣ ይበደራል፤ ሥራ ሲይዝ ግን ደመወዙ በዲግሪው ልክ አላደገም። አንዳንድ ትንንሽ ኮሌጆችም ፕሮግራማቸውን ዘግተዋል። በዚያ ላይ ከአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲሶ ያህሉ አትሌቲክ ትሬነር የላቸውም። የሰው እጥረት ባለበት በሩን ማጥበብ ምን ይጠቅማል? ይህ ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። እኔ በበኩሌ ዲግሪው በራሱ ምንም እንደማያረጋግጥ አምናለሁ። የሚያረጋግጠው ነገር ካለ፣ ተማሪው ብቻውን ሜዳ ላይ ከመቆሙ በፊት በሌላ ሰው ዐይን ሥር ስንት ጊዜ ራሱ ወስኗል የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ሰዓት መቁጠር ያታልለናል። በቀድሞው ዘመን 1500 ሰዓት ያጠናቀቀ ተማሪ ከሰዓቱ ብዙውን ያሳለፈው ውኃ በማመላለስ፣ ፎጣ በማጠፍና ቁርጭምጭሚት በፕላስተር በመጠቅለል ነበር። ፕላስተር መጠቅለል ሙያ ነው፤ አልንቀውም። ነገር ግን አንድን ቁርጭምጭሚት አንድ ሺሕ ጊዜ የጠቀለለ ሰው፣ ወለምታውን ከስብራት መለየትን በዚያ አይማርም። ለክለቡ ያለ ደመወዝ የሚሠራ ጉልበት ሆኖ ሳለ «ተማሪ» ይባል ነበር።

የ2020 የእውቅና መመዘኛዎች ይህን ለማረም ሞክረዋል። ፕሮግራሙ ቢያንስ ሁለት የትምህርት ዓመታት የሚፈጅ ሆኖ፣ በውስጡ ቢያንስ ለአራት ተከታታይ ሳምንታት ተማሪው እንደ ሙሉ ጊዜ ሠራተኛ በአንድ የሥራ ቦታ የሚውልበት ልምምድ እንዲኖር ያዝዛሉ። አራት ሳምንት ትንሽ ሊመስል ይችላል። ዋናው ቁም ነገር ግን ሙሉ ቀን መዋሉ ነው። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ብቅ የሚል ተማሪ ጉዳቱን ያያል እንጂ የጉዳቱን ማግሥት አያይም። ጉልበቱ ያበጠውን ልጅ በሦስተኛው ቀን፣ በዐሥረኛው ቀን፣ ከአሰልጣኙ ጋር ሲከራከር፣ ለእናቱ በስልክ ሲነገራት የሚያየው ውሎ የሚያድረው ብቻ ነው። መመዘኛዎቹ ተማሪው የተለያየ ዕድሜ፣ ጾታና የኑሮ ደረጃ ያላቸውን፣ ስፖርተኛ ያልሆኑትንም ጭምር እንዲያገኝ ይጠይቃሉ። በፋብሪካ፣ በእሳት አደጋ መከላከያና በጦር ሠራዊት የሚሠሩ አትሌቲክ ትሬነሮች አሉና።

የዚህ ሁሉ ምሰሶ የተግባር አስተማሪው ነው። ደንቡ የሚለው፣ ተማሪው ታካሚን ሲያክም አስተማሪው ስለ ተማሪውም ስለ ታካሚውም ሲል ወዲያው ጣልቃ ሊገባ በሚችልበት ቦታ ይሁን ነው። ደንቡ የማይለው፣ ሊለውም የማይችለው፣ መቼ ዝም ማለት እንዳለበት ነው። ይህን በምሳሌ ላስረዳ።

በአሜሪካ በነበርሁበት ፕሮግራም የሁለተኛ ዓመት ተማሪዬ ከሆነች አንዲት ወጣት ጋር በነሐሴ ሙቀት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልምምድ ላይ ቆመን ነበር። አንድ ግዙፍ ልጅ ከጓደኞቹ ወደ ኋላ ቀረ፤ ከዚያም ተንገዳገደ። ተማሪዬ ቀርባ የዕለቱን ስም ጠየቀችው፤ የማይገናኝ መልስ ሰጣት፤ ተቆጣትም። አሰልጣኙ ከሩቅ «ውኃ ይጠጣና ይነሣ» አለ። እርሷ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ዝም አልሁ። ለመግባት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ግን በልቤ እስከ ዐሥር ለመቁጠር ወሰንሁ። ስድስት ላይ ስደርስ «አይነሣም» አለችና አምቡላንስ አስጠርታ ልጁን ወደ ጥላው ማስወሰድ ጀመረች። የሰውነቱ ሙቀት ከ41 ዲግሪ በላይ ነበር። በበረዶ ውኃ በተሞላው ገንዳ ውስጥ ገባ፤ አምቡላንሱ ሲደርስ አሁኑኑ እንውሰደው ያሉትን ሠራተኞች ሙቀቱ እስኪወርድ እንዲጠብቁ ያሳመነችውም ራሷ ናት። ልጁ በዚያው ሳምንት በእግሩ ሄዶ ሊያመሰግናት መጣ።

ነገሩን በዕውቀት ደረጃ ብንመዝነው ቀላል ነው። በአካል ጥረት የሚመጣ ሂት ስትሮክ ማለት የውስጥ ሙቀት ከ40.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲወጣና ሰውየው ግራ ሲጋባ፣ ሲቆጣ ወይም ራሱን ሲስት ነው። በጆሮ፣ በብብት ወይም በአፍ የሚለካው ሙቀት ሲሮጥ በነበረ ሰው ላይ አያስተማምንም፤ የሚያስተማምነው በፊንጢጣ የሚለካው ነው። ከዚያ በኋላ ሥርዐቱ «መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ቀጥሎ ማጓጓዝ» ነው፤ ሰውነቱን በቀዝቃዛ ውኃ ነክሮ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወደ 39 ዲግሪ አካባቢ ማውረድ። በማሳቹሴትስ በሚካሄደው የፋልማውዝ የጎዳና ሩጫ በ18 ዓመታት ውስጥ 274 የሂት ስትሮክ ሕሙማን በዚህ መንገድ ታክመው ሁሉም ተርፈዋል። ሁሉም! በሕክምና ዓለም እንዲህ ያለ ቁጥር ብርቅ ነው።

ዕውቀቱ እንዲህ ቀላል ከሆነ ወጣቶች ለምን ይሞታሉ? የሚኒሶታ ቫይኪንግስ ተጫዋች ኮሪ ስትሪንገር በ2001 በልምምድ ወቅት በደረሰበት ሂት ስትሮክ ሞተ፤ በስሙ በኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው የምርምር ማእከልም ይህን ሕክምና ሲያስተምር ኖሯል። ሆኖም በ2018 የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች የነበረው የ19 ዓመቱ ጆርዳን ማክኔር በዚያው ሕመም ሞተ። በውጭ መርማሪዎች የቀረበው ሪፖርት የሰውነቱ ሙቀት እንዳልተለካና በቀዝቃዛ ውኃ እንዳልተነከረ አረጋገጠ። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንትም ተቋሙ ሕጋዊና ሞራላዊ ኃላፊነት እንዳለበት በይፋ ተናገሩ። እዚያ ቦታ የጎደለው መጽሐፍ አልነበረም። ቴርሞሜትር የማውጣት ልማድ፣ የተዘጋጀ ገንዳ፣ ልምምዱን የማስቆም ሥልጣን ናቸው የሚፈለጉት። ሃያ ሰው እያየ የአንድን ወጣት ልብስ ዝቅ አድርጎ ሙቀቱን መለካት የሚያሳፍር ሥራ ነው፤ ዕፍረቱ የሚሸነፈው አስቀድሞ በተለማመዱት ነገር ብቻ ነው።

ሥልጣንን ካነሣሁ አይቀር፣ በትምህርት የማይፈታ ችግርም አለ። ባለሙያው የሚቀጠረውም የሚባረረውም በአሰልጣኙ ፈቃድ ከሆነ፣ የትኛውም ማስተርስ አያድነውም። በአሜሪካ ትልልቆቹ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበራት የሐኪሙንና የአትሌቲክ ትሬነሩን የሕክምና ውሳኔ አሰልጣኝ ሊሽረው እንደማይችል በደንባቸው ያሰፈሩት በዚህ ምክንያት ነው። ደንቡ በየሜዳው ይከበራል ማለት አይደለም። ቢሆንም ወጣቷ ባለሙያ የምትጠቅሰው ወረቀት አላት።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ፤ ነገሩ በእርግጥ ይመለከተናልና። በ2019 በዶሃ የተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን ሙቀቱን ለመሸሽ ተብሎ ከእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ ሲቀር ተጀመረ። ሙቀቱ ግን ከ30 ዲግሪ በላይ፣ የአየሩ እርጥበትም ከ70 በመቶ በላይ ነበር። ከተነሡት 68 ሯጮች 28ቱ አቋረጡ፤ ሦስቱም ኢትዮጵያውያት ከእነርሱ መካከል ነበሩ። ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ በሚገኝ ቀዝቃዛ ደጋ የሚሠለጥን አካል ሙቀትን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ያንን መርሐ ግብር የሚያወጣ፣ የሚከታተል፣ ሯጯ ስትንገዳገድ የሚለካ ማን ነው? አሰልጣኙ ነው እንዳትሉኝ፤ እርሱ ሌላ ሥራ አለው።

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍሎች አሉ፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒ ይሰጣል፤ የሕክምና ትምህርት ቤቶችም አሉን። የስፖርት ሳይንስ ተመራቂው ግን በሽተኛ ሳይነካ ይመረቃል፤ የጤና ተመራቂው ደግሞ ሜዳ ሳይረግጥ። ይህን ክፍተት በአዲስ የማስተርስ ሥርዐተ ትምህርት ሰነድ እንሙላው የሚል ሐሳብ ከአንዳንዶቻችሁ ጋር ስወያይ ሰምቻለሁ። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው፤ ከሰነዱ በፊት የልምምድ ቦታው ይቅደም። አንድ ሜዳ፣ አንድ የውኃ ገንዳ፣ ቴርሞሜትር፣ የልብ ማስነሻ መሣሪያ፣ በጽሑፍ የተቀመጠ የድንገተኛ አደጋ ዕቅድ፣ ተማሪን በኃላፊነት የሚከታተል ብቁ ሰውም ይኑር። እነዚህ በሌሉበት የሚከፈት ፕሮግራም የአሜሪካን የዲግሪ ስም ይዋስ ይሆናል፤ ዝግጅቱን ግን አይዋስም።

የመጀመሪያዎቹ አስተማሪዎች ከየት ይምጡ? አንድ ሰው ሁሉንም ሊያውቅ ስለማይችል ሐኪም፣ ፊዚዮቴራፒስትና ልምድ ያለው የክለብ ወጌሻ በአንድ ሜዳ ተጣምረው ቢሠሩ ይሻላል። ወጌሻውን በመጥቀሴ ፈገግ ያላችሁ አላችሁ። በጥብቅ የታሰረ ስብራት ወደ ጋንግሪን ተለውጦ እጅና እግር ያስቆረጠበት ታሪክ በሆስፒታሎቻችን የታወቀ መሆኑን አልዘነጋሁም። ስለዚህም ነው ከሐኪሙ ጎን ይቁም የምለው። ሃያ ዓመት በሜዳ ዳር የቆመ ሰው ግን የተጫዋችን አወዳደቅ በማየት ብቻ የሚያውቀው ነገር አለ፤ አስመስሎ የወደቀውን ከእውነት ከተጎዳው ይለያል። ይህን ዕውቀት ጠይቀን፣ መርምረን፣ የሚጸናውን መጻፍ ለዚህ ፋኩልቲ ድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ይመስለኛል።

በጀቱን በተመለከተ ከዲኑ ጋር የተነጋገርነው አለ፤ ገንዳው ከሁሉ ርካሹ ነው። የከብት ማጠጫ የሚሆን ትልቅ የፕላስቲክ ገንዳም ይበቃል፤ በአሜሪካ ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙት እርሱኑ ነው። ውዱ የተግባር አስተማሪው ጊዜ ነው። አንድ አስተማሪ ሠላሳ ተማሪ ቢሰጠው የማንንም ውሳኔ ሊከታተል አይችልምና፣ በመጀመሪያው ዙር ከስድስት ወይም ከስምንት ተማሪ በላይ እንዳትቀበሉ እለምናችኋለሁ። ለጥያቄዎቻችሁ ጊዜ እንዲተርፍ እዚህ ላይ ላቁም።