አራቱ የአልጋ ተሸካሚዎች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ቅዱስ ማርቆስ በወንጌሉ በ2ኛው ምዕራፍ ስለ አንድ ሽባ የጻፈውን ታሪክ ታውቁታላችሁ። ሰውዬው በእግሩ ቆሞ ወደ ጌታችን መሄድ የማይችል ነበር፤ አራት ሰዎች ግን ከነአልጋው ተሸክመው አመጡት፤ የሕዝቡም ብዛት መግቢያ ቢከለክላቸው የቤቱን ጣራ ነድለው አወረዱት። ጌታችንም የተሸካሚዎቹን እምነት አይቶ በሽተኛውን ማረው፤ አዳነውም። ዛሬ ይህን ታሪክ ማንሣታችን፣ በእግሩ እየተመላለሰ ሳለ በፈቃዱ ግን ሽባ ስለ ሆነ ወጣት ለመናገር ነው። ይህም በጫት፣ በመጠጥ፣ በትንባሆና በሌላም አደንዛዥ ነገር የተያዘው ልጃችን ነው።

እኛ የምናገለግለው በይፋት ቆላ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ በጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ፣ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የደጋው ብርድ ይቀርና የቆላው ሙቀት ይቀበለዋል። ምድሩ ለም ነው፤ ማሽላውም፣ ጤፉም፣ ማሾውም፣ ሽንኩርቱም ያምርበታል። ጫትም ይበቅልበታል። ጫት ከተቆረጠ በኋላ እየጠወለገ ሲሄድ የማነቃቃት ኃይሉ ስለሚቀንስ፣ ቆራጩም አሳሪውም ጫኙም ይቸኩላል፤ በዚህም ችኮላ ውስጥ ብዙ ጊዜ የትምህርት ቤት ልጅ ይገባል። ጫት ተክሎ ልጆቹን የሚያሳድገውን ገበሬ ልንረግም አልተነሣንም፤ እርሱም የሚያድረው በላቡ ነው። በአገራችን እስላሙና ክርስቲያኑ ተጎራብቶ ይኖራልና፣ ይህን ነገር የአንዱ ወገን ነውር አድርጎ መናገርም አይገባም። የሁላችንም ልጆች ተይዘዋል።

አስቀድመን የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የንስሐ ልጃችን እያለቀሰች መጥታ፣ «አባቴ፣ ልጄ ከቤት አያድርም፤ የቤቱንም ዕቃ እያወጣ ይሸጥብኛል፤ እባክዎ ይገሥጹልኝ» አለችን። ልጁ 16 ዓመት ሆኖት ነበር። ትምህርቱን ትቶ ጫት ከሚያስሩት ጋር ይውላል፤ ማታም ምርቃናውን ለመስበር አረቄ ይጠጣል፤ ይህንንም እነርሱ «ጨብሲ» ይሉታል። እኛም አስጠርተን በጎረቤት ፊት አዋረድነው፤ ከኃይሉ በላይ የሆነ ጾምና ስግደትም አዘዝንበት። እርሱ አንገቱን ደፍቶ ሰማን፤ በሦስተኛው ቀን ከከተማው ጠፋ። እናቱ በየአውቶቡሱ መቆሚያ ስትጠይቅ ዓመት አለፈ። በመንገድ ባገኘችን ቁጥር እጃችንን ተሳልማ ዝም ትል ነበር፤ ዝምታዋም ከወቀሳ ይልቅ ያቃጥለን ነበር።

በኋላ ከስቶና ጠቁሮ ሌሊት ወደ ቤቱ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ንግግራችንን ትተን ጥያቄ ጀመርን። «ልጄ፣ ይህ ነገር እንዴት ያዘህ?» ብንለው፣ «አባ፣ ሥራ ሲከብደኝ ለጉልበት ብዬ ጀመርሁ፤ አሁን ግን ካልቃምሁ ከአልጋዬ መነሣት አልችልም፤ ሌሊትም ዱካክ ያስጨንቀኛል» አለን። «ከአልጋዬ መነሣት አልችልም» ባለ ጊዜ ያ የወንጌሉ ሽባ ትዝ አለን። ሽባውን «ለምን አትራመድም?» ብለን ስንገርፈው ኖረናልና አፈርን።

እንግዲህ የሕክምና ሊቃውንት ስለዚህ ነገር መርምረው ያገኙትን እንስማ፤ እውነት ከየትም ብትመጣ የእግዚአብሔር ናትና። በጫት ቅጠል ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ነገር ካቲኖን ይባላል፤ በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ተለይቶ የታወቀው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው። ሥራውም አምፌታሚን ከሚባለው ቅመም ጋር ይመሳሰላል። በአንጎል ውስጥ ደስታንና ትጋትን የሚያነቃቃውን ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር ያበዛል፤ ኃይሉ ሲያልፍ ግን ድካም፣ ትካዜና ብስጭት ይተካሉ። ሰውም ትናንት ለደስታ የያዘውን ዛሬ ጭንቀቱን ለማምለጥ ይደግመዋል፤ ሀራራ የምንለው ይህ ነው።

ለወጣት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ግምባራችን በስተኋላ ያለው፣ ነገርን የሚመዝነውና ምኞትን የሚገታው የአንጎል ክፍል እስከ 25 ዓመት ገደማ ገና ይበስላል። የቆላ ገበሬ ይህን በመስኖው ያውቀዋል፤ አዲስ በታረሰ ለስላሳ መሬት ላይ የተለቀቀ ውሃ ቦዩን ቶሎ ይቆፍራል፤ ቦዩ ከጠለቀ በኋላ ውሃውን ወደ ሌላ መመለስ ብዙ ድካም ይጠይቃል። በልጅነቱ የጀመረ ሰው ዘግይቶ ከጀመረው ይልቅ በሱስ የመያዙ አደጋ የሚበልጠው ስለዚህ ነው።

የተያዘውም ሰው ጥቂት አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከተጠየቁት ወንዶች ከመቶ 27ቱ፣ ከሴቶችም ከመቶ 12ቱ ጫት ቅመው እንደሚያውቁ ተናግረዋል። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ አጥንተው በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍም፣ ከሚቅሙት ብዙዎቹ ምክንያታቸው በጸሎት ጊዜ ልብን ለመሰብሰብ እንደ ሆነ መልሰዋል። ሰው መልካሙን ፈልጎ ሳለ ወደ እስራት ሊገባ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን። በእኛም አገር በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ በመጣ ጊዜ ያዩትን ለመርሳት ወደ መጠጥ የሸሹ ወጣቶች አሉ። ኀዘኑን ሳንጠይቅ መጠጡን ብቻ ብንነቅፍ ሥሩን ትተን ቅጠሉን እንቆርጣለን።

ታሪክ እንደሚነግረን አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትንባሆን በጽኑ ቅጣት ከልክለው ነበር፤ ትንባሆ ግን ዛሬም አለ። ሕግ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መጠጥና ትንባሆ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው እንዳይሸጥ መከልከሉ፣ የመጠጥንም ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ማስወገዱ መልካም አጥር ነው። ነገር ግን አጥር ያልገባውን ይጠብቃል እንጂ የተያዘውን አይፈታም። የተያዘው ተሸካሚ ያስፈልገዋል፤ ተሸካሚዎቹም እንደ ወንጌሉ አራት ናቸው።

የመጀመሪያው ተሸካሚ ቤተሰብ ነው። ካህኑ ዔሊ የልጆቹን ጥፋት እያወቀ በለሰለሰ ቃል ስላለፈው ቤቱ ጠፋ፤ ስለዚህ ወላጅ ዝም አይበል። ነገር ግን በቁጣ አያባርር፤ ልጁ የሚናገርበትን ጊዜ ይስጠው፤ ገንዘብ ከእጁ ያርቅ፤ ፍቅሩን ግን አያርቅበት።

ሁለተኛው ጓደኛ ነው። ሱስ ብዙ ጊዜ በጓደኛ ይገባል፤ በጓደኛም ይወጣል። ከቃሚዎች መካከል የወጣ ልጅ ከሰዓት በኋላ የሚውልበት ሌላ ሥፍራና ሥራ ካላገኘ፣ እግሩ ወደ ለመደው ቤት ይመልሰዋል።

ሦስተኛው ሐኪም ነው። ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ባለ መድኃኒትን እንድናከብር ያስተምረናል። ይልቁንም ለብዙ ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው መጠጡን ያለ ሐኪም በድንገት ቢያቋርጥ፣ የሚጥል መንቀጥቀጥና የአእምሮ መቃወስ ሊያገኘው፣ ሊሞትም ይችላልና፣ ቤት ዘግታችሁ «ትወጣዋለህ» አትበሉት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ከዚያም እንደ አዲስ አበባው የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወዳለ ሥፍራ ይላካል። ጫት ለመተው ግን እስከ ዛሬ የተረጋገጠ አንድ ልዩ ክኒን የለም፤ ሕክምናው በትዕግሥት የሚደረግ ምክር፣ የቤተሰብ እርዳታና አብሮ ያለውን የትካዜ በሽታ ማከም ነው። ጠበል የሚጠመቅም ልጅ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት አይጣል፤ ሁለቱም ከአንድ ፈጣሪ የተሰጡ ናቸው።

አራተኛው እኛ ካህናት ነን። ንስሐ መፈወሻ እንጂ ማዋረጃ አይደለም፤ ቀኖናውም በበሽተኛው ኃይል መጠን ይሰጥ። የተናገረውንም ምሥጢር እስከ መቃብር እንጠብቅ።

ጣራውስ ምንድን ነው? ጣራው ይሉኝታ ነው። እናት ጎረቤት እንዳይሰማባት ትደብቃለች፤ አባት ስሙ እንዳይጠፋ ይክዳል፤ ልጁም ከጣራው በታች ይሞታል። ጣራው ይነደል! የተነደለ ጣራ ይከደናል፤ የሞተ ልጅ ግን አይመለስም።

ደግሞም ልጁ ተነሥቶ ቢወድቅ ተስፋ አትቁረጡ። ከታከሙት ሰዎች ከመቶ ከ40 እስከ 60 የሚሆኑት ዳግመኛ እንደሚያገረሽባቸው ሊቃውንት ይገምታሉ፤ ይህም እንደ ደም ግፊት ባሉ ሌሎች የቆዩ በሽታዎች ላይ የሚታይ ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ካደ፤ ጌታችን ግን በባሕሩ ዳር ሦስት ጊዜ ፍቅሩን ጠይቆ በጎቹን አደራ ሰጠው።

ያ ልጃችንም ሁለት ጊዜ ወድቋል። ዛሬ በሽንኩርት እርሻ ይሠራል፤ ጥምቀትን ከእናቱ ጋር ውሏል። የሚያስፈራው ቀን ግን ገንዘብ የሚቀበልበት ቀን ነው፤ ስለዚህ የሳምንቱን ደመወዝ እናቱ እንድትይዝለት እርሱ ራሱ ጠየቃት። ጌታችን የፈወሰውን ሽባ አልጋውን ተሸክሞ ወደ ቤቱ እንዲሄድ አዝዞታል። አልጋው አልቀረለትም፤ ነገር ግን ተሸካሚው እርሱ ሆነ።

በየቤታችሁ የተኛ ሽባ ካለ፣ ዛሬ የአልጋውን አንድ ጫፍ ያዙ። ልጆቻችንን በቸርነቱ ይጠብቅልን፤ የወደቁትን ያንሣልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።