ብርሃን የሚከብደው ዓይን

ዛሬ የምናነሣው ብርሃን የሚከብደውን ዓይን ነው። ነብርማ ጌኮ የአፍጋኒስታን፣ የፓኪስታንና የሰሜን ምዕራብ ሕንድ ደረቅ ምድር እንሽላሊት ነው፤ በብዙ አገር ሰዎች በቤታቸው ያሳድጉታል። ቀን ከድንጋይ ሥር ይደበቃል፤ ሲመሽ ለአደን ይወጣል። ዓይኑም የተሠራው ለድንግዝግዝ ነው። አልቢኖ የሚባለው ደግሞ በብሌኑ ዙሪያ ያለው ጥቁር ቀለም ይጎድለዋል። ይህ ቀለም እንደ መስኮት መጋረጃ ነው፤ ሲወፍር ፀሐይን ያግዳል፣ ሲሳሳ ግን ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሰው ዓይን ያስጨፍናል። እንግዲህ አልቢኖው በደማቅ አምፖል ሥር ዓይኑን የሚጨፍነው ሰንፎ አይደለም። ከጨፈነ ደግሞ የሚበላውን ፌንጣ አያይም፤ ይራባል።

«ታዲያ ጨለማ ውስጥ ይኑር» የሚል አይጠፋም። አይሆንም! ሰውነቱ ቀንና ሌሊትን መለየት አለበት። ስለዚህ ቀን ለስላሳ ብርሃን ይኑረው፣ ሌሊት ይጥፋለት፤ መደበቂያም አይጉደልበት። «ሙቀቱስ?» ለሚሉም፣ ሙቀት የግድ ከብርሃን ጋር አይመጣም፤ የማያበራ የሴራሚክ ማሞቂያ፣ ከሙቀት መቆጣጠሪያ ጋር፣ ይበቃል። የፀሐይ ብርሃን ስለማያገኝም፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ3 ምግቡ ላይ ይነስነስለት። ይሁንና ሁሉንም በብርሃን ማሳበብ አደገኛ ነው። ብርሃኑ ደብዝዞም ዓይኑ ካልተገለጠ፣ ቆዳውን ሲገፍ የቀረ ቅሪት፣ ኢንፌክሽን ወይም የቫይታሚን ኤ እጥረት ሊሆን ይችላል። ያኔ ሳይውል ሳያድር ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ነው።